ዛጎል ሰባሪው ሻርክና የሃያ ሁለት አርማታ

በአዲስ አበባ የሃያ ሁለት ሰፈርን ሕንፃዎች ታሪክ ከባለሀብቱ ወይም ከኮንትራክተሩ መጀመር የተለመደ ነው። እኔ ከባሕሩ እጀምራለሁ። ከኡራኤል ተነሥቶ በጎላጉል አልፎ እስከ መገናኛ ድረስ በኃይሌ ገብረ ሥላሴ መንገድ ግራና ቀኝ የቆመውን ኮለንና ሶሌታ ያያያዘው ሲሚንቶ ነው። የሲሚንቶው ዋና ጥሬ ዕቃ የኖራ ድንጋይ ነው፤ የኖራ ድንጋዩም የዛጎል፣ የኮራልና የባሕር ጭቃ ክምር። ዛጎል ካለ ደግሞ ዛጎል ሰባሪ አይጠፋም። የማወራው ስለነዚህ ሰባሪዎች ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን ተመራማሪዎችን ለ190 ዓመት ያህል ሲያከራክር ስለኖረው፣ ፕቲኮደስ ስለሚባለው የጠፋ ሻርክ።

ባሕሩ የመጣው ከምሥራቅ ነው። ከ170 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ጁራሲክ በሚባለው ዘመን፣ አፍሪካ ከማዳጋስካርና ከሕንድ ጋር የነበራት ትስስር እየላላ ሲሄድ ምድሩ ዝቅ አለ። ውኃው በዛሬዋ ሶማሊያና በኦጋዴን በኩል ገብቶ ሐረርጌን፣ ሸዋን፣ ጎጃምንና ትግራይን ሸፈነ። የአንድ ጀምበር ጎርፍ አልነበረም። በአባይ ሸለቆ በኩል መጀመሪያ የደረሰው ጥልቀት የሌለው፣ ፀሐይ ቶሎ የምታተነው ጨዋማ ውኃ ነው፤ በተነነ ቁጥር ጂፕሰም እየተወ ሄደ። ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ ድልድይ የሚወርድ መንገደኛ ይህንን ሁሉ በመኪና መስኮት ማየት ይችላል። ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይና ቀያይ የጭቃ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ገደል የሚሠራው የኖራ ድንጋይ፣ ወደ ታች ጂፕሰሙ፣ ከወንዙ ዳር ደግሞ ከባሕሩ በፊት የነበረው አሸዋ። በአንድ ቁልቁለት ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ ይወረዳል፤ አብዛኛው ተሳፋሪ ግን በዚያ ቁልቁለት የሚያስበው ስለ ፍሬኑ ነው።

ጂፕሰሙ ከተጣለ በኋላ ባሕሩ ጠለቅ አለ፤ ውኃውም ሞቃትና ጥርት ያለ ሆነ። ኮራሎች፣ የባሕር ቀንድ አውጣዎች፣ ባለ ሁለት ክዳን ዛጎሎች፣ ጥምዝምዝ አሞናይቶች በዚያ ኖሩ፤ ሲሞቱም ሽፋናቸው ወለሉ ላይ ተከማቸ። በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ክምሩ በመቶዎች ሜትር ውፍረት ያለው የኖራ ድንጋይ ሆነ። ጂኦሎጂስቶች የእንጣሎ ኖራ ድንጋይ ይሉታል፤ ስሙን የሰጠው ሰው ወደ ኋላ ይመጣል።

በዚያ ዘመን በዓለም ባሕሮችና ወንዞች ከታወቁት ዛጎል ሰባሪዎች አንዱ ሌፒዶተስ የሚባለው ዓሣ ነው። ሰውነቱ እንደ መስተዋት በሚያብረቀርቅ ወፍራም ቅርፊት የተሸፈነ፣ አፉ ደግሞ በድቡልቡል ጥርሶች የተሞላ ነበር። ጥርሱ ለመቁረጥ አይሆንም፤ ዛጎሉን ይዞ ለመሰንጠቅ እንጂ። ዛጎል ሰባሪ ዓሣ ደግሞ በልቶ ብቻ አይሄድም፤ የሚተፋው ስባሪ ወለሉ ላይ ወድቆ የኖራ አሸዋ ይሆናል።

ከ150 ሚሊዮን ዓመት ወዲህ ባሕሩ ከደጋው መሸሽ ጀመረ። በሙገር ሸለቆ ከኖራ ድንጋዩ በላይ የተቀመጠው ቀያይና አረንጓዴ የጭቃ ድንጋይ የዚያ ሽሽት ምስክር ነው፤ በወንዞችና በረግረግ ውስጥ የተከማቸ ደለል ነው። በዚያ ደለል ውስጥ ዳይኖሰሮች፣ አዞዎችና ኤሊዎች ጥርስና አጥንታቸውን ትተዋል። ሂቦዶንት የሚባሉት ጥንታውያን ሻርኮችና በሳንባ የሚተነፍሱት ዓሦችም አሉበት። ሳንባ ያላቸው ዓሦች እስከ ዛሬ አልጠፉም። በናይል ተፋሰስ፣ በጋምቤላ በኩል በባሮም ጭምር የሚኖረው ዘመዳቸው ዛሬም ቀንድ አውጣና ዛጎል በጥርሱ ሰሌዳ እየሰበረ ነው የሚበላው። ስለዚህ ዛጎል ሰባሪነት በኢትዮጵያ ውኃ ተቋርጦ አያውቅም ብል ከእውነት አልርቅም።

ክሬታሺየስ ሲገባ፣ ከ145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ደጋው ደረቅ ምድር ሆኖ ነበር። ወንዞች አሸዋ እያመጡ ይጥሉበት ጀመር፤ የደብረ ሊባኖስ ገደልና የአምባ አራዶም አናት ከዚህ አሸዋ የተሠሩ ናቸው። ባሕሩ ግን ከአገሩ ጨርሶ አልወጣም፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኦጋዴን ነው የሸሸው። እዚያም አንድ ጊዜ ይገባል፣ አንድ ጊዜ ይወጣል፤ ሲገባ የኖራ ድንጋይ፣ ሲወጣና ሲተን ጂፕሰም ይተዋል። የተዋቸው ድርብርቦች ዛሬ በዋቢ ሸበሌ ዳር ባሉ ከተሞች ስም ይጠራሉ። የሙስታሂል ኖራ ድንጋይ ከታች፣ የፈርፈር ጂፕሰም መካከል ላይ፣ የበለድወይን ኖራ ድንጋይ ከላይ። በሙስታሂል ባሕር መጨረሻ ላይ፣ ከ105 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዓለም ውቅያኖሶች አዲስ ሰባሪ ብቅ አለ።

ፕቲኮደስ ሻርክ ነው፤ አፉ ግን ሻርክ ሲባል የሚታሰበውን አይመስልም። ጥርሶቹ ሰፋፊ፣ ጠፍጣፋ ወይም መካከላቸው ጎበጥ ያለ፣ በላያቸው ላይ ጎን ለጎን የተሰመሩ ሸንተረሮች ያሉባቸው ናቸው፤ አዲስ በመውቀሪያ የተወቀረ የወፍጮ ድንጋይ ፊት ያላቸው ይመስላሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩት እነዚህ ጥርሶች ክፍተት ሳይኖራቸው ተራ በተራ ተደርድረው የላይኛውንና የታችኛውን መንጋጋ ይሸፍናሉ። አንዱ ሲያረጅ ከኋላው ሌላ ይተካል፤ የሻርክ ሁሉ ልማድ ነው። የወደቀው ጥርስ ወለሉ ላይ ይቀራል፤ አንድ ሻርክ በሕይወት ዘመኑ ብዙ ሺህ ጥርስ ስለሚጥል ጥርሱ በብዙ አገር ተገኝቷል። ሌላው አካሉ ግን እንደ ማንኛውም ሻርክ ከአጥንት ሳይሆን ከቅርጭጭት የተሠራ ነው፤ ቅርጭጭት ደግሞ ቶሎ ይበሰብሳል። ለ190 ዓመቱ ክርክር መነሻው ይህ ነው። ሰው በእጁ የያዘው ጥርስ ብቻ ሆኖ የዓሣውን መልክ፣ ዘመድና ኑሮ ከጥርሱ መገመት ነበረበት።

ዘመኑ ለእንዲህ ያለ ፍጡር የተመቸ ነበር። ከ94 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የዓለም ባሕር ከፍታው በታሪክ ከታወቁት ከፍተኛ ደረጃዎች አንዱ ላይ ደርሶ ነበር። አውሮፓ የደሴቶች ስብስብ ሆነች፤ ሰሜን አሜሪካን ከሰሜን እስከ ደቡብ የሰነጠቀ ባሕር ነበር። የዛሬው ካንሳስ የዚያ ባሕር ወለል ነው፤ በወለሉ ላይ ከአንድ ሜትር በላይ የሚሰፉ ዛጎሎች ይኖሩ ነበር። ከነሱ በላይ፣ በክፍት ውኃ ውስጥ፣ አሞናይቶች ይንሳፈፋሉ። በኦጋዴን በኩል የበለድወይን ኖራ ድንጋይ የተከማቸው በዚሁ የከፍታ ዘመን ነው። ማለትም ጎጃምና ሸዋ ደረቅ ምድር ሆነው፣ ኦጋዴን ገና ባሕር ነበር።

የፕቲኮደስ ዘር ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ኖረ። ከ76 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ጠፋ፤ ዳይኖሰሮችን ከጨረሰው አደጋ 10 ሚሊዮን ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። ምን ገደለው? ሞሳሰር የሚባሉት ግዙፍ የባሕር ተሳቢዎች በዚያን ጊዜ በዝተው ነበር፤ ከነሱም ግሎቢደንስ የሚባለው ድቡልቡል ጥርስ አብቅሎ ዛጎል መስበር ጀምሮ ነበር። ገበያውን ነጠቁት የሚለው ግምት አሳማኝ ነው፤ ማረጋገጫ ግን አይደለም።

ከዚያ በኋላ በደጋው ለረጅም ዘመን የሚተረክ ብዙ የለም። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ግን ምድር ተሰንጥቃ የቀለጠ ድንጋይ አፈሰሰች። በአጭር ጊዜ (ለጂኦሎጂስት አንድ ሚሊዮን ዓመት አጭር ነው) አንዳንድ ቦታ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚደርስ ውፍረት ያለው ጥቁር ድንጋይ ባሕሩን፣ አሸዋውንና ጭቃውን ቀበረ። እንጦጦ የተተከለው ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው፤ ቁጥሩ ከሰፈሩ ስም ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ነው፤ እኔ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከዚያ የረር፣ ፉሪና ወጨጫ መጡ፤ ስምጥ ሸለቆው ተከፈተ፤ ደጋው ወደ ላይ ተነሣ። የሃያ ሁለት መሬት ራሱ ከላይ የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ መሠረት ሲቆፈር የሚወጣው የዚያ ድንጋይና አፈሩ ነው፤ ዛጎል አይገኝበትም። አባይ፣ ሙገርና ጀማ ግን ተነሥቶ የቆመውን ደጋ እየሰረሰሩ ወረዱ፤ ጥቁሩን ድንጋይ ሰንጥቀው፣ አሸዋውን አልፈው፣ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ያለውን የባሕር ወለል ለብርሃን አወጡት።

ሰው ወደዚህ ታሪክ የሚገባው በቀለበት ነው። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ከእንቁራሪት ራስ ይወጣል የሚባል ድቡልቡል፣ ቡናማ፣ የሚያንጸባርቅ ድንጋይ ነበር። መርዝ ያረክሳል ስለተባለ ነገሥታትና መኳንንት በወርቅ ቀለበት አስረው ያደርጉት ነበር። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ጥቂት ሊቃውንት ነገሩን አብጠርጥረው ሲያዩት የዓሣ ጥርስ ሆኖ ተገኘ፤ ብዙው የሌፒዶተስና የዘመዶቹ ጥርስ ነበር። ንጉሡ ከመርዝ ይጠብቀኛል ብሎ በጣቱ ያኖረው የዛጎል መስበሪያ ነው። መርዝ አለማርከሱን ለማወቅ ግን ስንት ሰው መርዝ መጠጣት እንደነበረበት እግዜር ይወቀው።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ ደቡብ በኖራ ካባዎች ተቦርቡሮ ነበር። ነጩ ድንጋይ ለኖራ፣ ለማዳበሪያ፣ ኋላም ለሲሚንቶ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1824 ጆሴፍ አስፕዲን የተባለ የሊድስ ግንበኛ ፖርትላንድ ብሎ በሰየመው ሲሚንቶ ላይ የፈጠራ መብት አስመዘገበ፤ ዛሬ በሃያ ሁለት የሚቦካው ሲሚንቶ የዚያ ስም ወራሽ ነው። በነዚያ ካባዎች ድንጋይ ፈላጮች ሸንተረር ያላቸውን ጥርሶች እያነሱ ለሰብሳቢ ይሸጡ ነበር። ከሰብሳቢዎቹ አንዱ በሉዊስ ከተማ ሐኪም የነበረው ጊዲየን ማንቴል ነው፤ ኢጓኖዶን የተባለውን ዳይኖሰር ለዓለም ያስተዋወቀው ሰው። በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ እነዚህንም ጥርሶች በሥዕል አወጣቸው። ሰው ያኔ የላንቃ አጥንት ይላቸው ነበር።

ስም ያወጣላቸው ሉዊ አጋሲ ነው። ስዊዘርላንዳዊው አጋሲ እ.ኤ.አ. ከ1833 እስከ 1843 ባሳተመው ግዙፍ የዓሣ ቅሪተ አካላት ሥራ በአውሮፓ ቤተ መዘክሮችና በግለሰቦች እጅ የነበረውን ሁሉ ሊመረምር ተነሥቶ ነበር፤ ሌፒዶተስንም ፕቲኮደስንም የሰየመ እሱ ነው፤ ሁለተኛውን በ1834 ገደማ። ሻርክ መሆኑን በትክክል ገመተ። ከዚያ በኋላ የመጡት ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄዱ። በ1887 የብሪታንያ ቤተ መዘክር ሊቅ አርተር ስሚዝ ዉድዋርድ የጥርሶቹን አደራደር አጥንቶ ወደ ሬይ፣ ማለትም ወለል ላይ ተለጥፎ ወደሚኖረው ጠፍጣፋ ዓሣ አስጠጋው። ሌሎች ደግሞ ከሂቦዶንቶች ጋር መደቡት። ክርክሩ ብዙ ቢሆንም በአንድ ነገር ሁሉም ተስማምተው ነበር፤ ይህ ዓሣ ቀርፋፋ፣ ከወለል የማይነሣ ዛጎል ለቃሚ ነው። ጥርሱ የለቃሚ ጥርስ ነውና።

አጋሲና ማንቴል በሰበሰቡበት በዚያው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ የባሕር ወለል በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። መንገዱ ግን የጦር መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 ጄኔራል ናፒየር 13 ሺህ ያህል ወታደርና 44 ዝሆን ይዞ ከዙላ ተነሥቶ፣ በሰንዓፌ፣ በአዲግራትና በእንጣሎ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲገሰግስ፣ ከሕንድ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት የመጣው ዊሊያም ብላንፎርድ አብሮ ይጓዝ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ። ሠራዊቱ ዘውድና የብራና መጻሕፍት ጭኖ ሲመለስ ብላንፎርድ ድንጋይና ዛጎል ጭኖ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የኖራ ድንጋዩን በእንጣሎ፣ ከሥሩ ያለውን አሸዋ በአዲግራት፣ የእሳተ ገሞራውን ድርብርቦች በአሸንጌና በመቅደላ ስም ጠራቸው። ከዛጎሎቹም ተነሥቶ የኖራ ድንጋዩን ከአውሮፓው ጁራሲክ ጋር አዛመደው። ስለዚያ ዘመቻ የማዝንበት ብዙ ነገር አለ፤ ድንጋዮቹ በአገራቸው ከተማ ስም መጠራታቸው ግን ደስ ይለኛል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትመሠረት የኖራ ድንጋይ አላስፈለጋትም። ቤቷ ጭቃና እንጨት፣ ድንጋይዋ ከራሷ ከእሳተ ገሞራው፣ ምሰሶዋ ኋላ ባሕር ዛፍ ነበር። ሲሚንቶ በአገር ውስጥ መመረት የጀመረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ የድሬዳዋው ፋብሪካ የተተከለው ያኔ ነው። በድሬዳዋ ዙሪያ ያለው ኖራ ድንጋይም የዚያው የጁራሲክ ባሕር ነው። በዚያው ወረራ፣ የካቲት 1928 ዓ.ም.፣ የራስ ሙሉጌታ ጦር በአውሮፕላን ቦምብና በመድፍ የተደበደበበት አምባ አራዶም፣ ጂኦሎጂስቶች ባሕሩ ከደጋው ከሸሸ በኋላ የተጣለውን አሸዋ የሚጠሩበት ተራራ መሆኑን ስንቱ ያውቃል?

ከጦርነቱ በኋላ ኦጋዴን ተራውን አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1945 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሲንክሌር ለተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የነዳጅ ፍለጋ ፈቃድ ሰጠ። ነዳጅ ፈላጊ ዓሣ አይፈልግም፤ ድርብርቡን ግን ከማንም በላይ ያጠናል። የጉድጓድ መሰርሰሪያው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የትኛው ኖራ፣ የትኛው ጂፕሰም፣ የትኛው አሸዋ እንደሆነ ይመዘገባል። በ1973 ቴኔኮ ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ አገኘ። የክሬታሺየስ ባሕር በኢትዮጵያ ምሥራቅ ምን ያህል ጊዜ እንደገባና እንደወጣ ዛሬ በምናውቀው ዝርዝር የተጻፈው በአብዛኛው ለዚህ ፍለጋ ሲባል ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚቀርበው ባሕር ወደ ምድጃ የገባው በ1976 ዓ.ም. ነው። ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በዓመት 300 ሺህ ቶን ለማምረት ሥራ ጀመረ፤ ኋላም ተስፋፋ። አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል። በካባው ድማሚት ይፈነዳል፤ የተናደውን ድንጋይ ክሬሸር ያደቅቀዋል። ኖራ ድንጋዩና ሸክላ አፈር አብረው ተፈጭተው በሚሽከረከር ረጅም ምድጃ ውስጥ እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጋላሉ። ዛጎሉና አሞናይቱ በቁማቸው ሳሉ ከባሕር ውኃ የወሰዱት ካርቦን በዚህ ጊዜ ጋዝ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። የቀረው ክሊንከር የሚባለው ጥቁር እንክብል ነው፤ አንድ ቶን ክሊንከር ለማግኘት አንድ ቶን ተኩል ገደማ ጥሬ ዕቃ ይገባል። ክሊንከሩ ቶሎ እንዳይደርቅ ጂፕሰም ይጨመርበታል። ዋጋው እንዲረክስ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ የሚመጣ ፑሚስ። እንግዲህ በአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ውስጥ የዛጎል ባሕሩ፣ የተነነው ባሕርና እሳተ ገሞራው አብረው ታሽገው ይሸጣሉ።

ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ስሙን ከአንበሳ አውቶቡስ ቁጥር የወረሰ ማዞሪያ ነበር። ፎቁ የመጣው ኋላ ነው። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ግን ከጎላጉል ጀምሮ ሕንፃ በሕንፃ ላይ ሲነሣ፣ ሆቴሉና ካፌው፣ ባንኩና የምሽት ቤቱ ሲደረደር፣ የኖራ ድንጋይ ጥያቄው ካባዎቹ ከሚችሉት በላይ ሆነ። የሲሚንቶ ወረፋ፣ የሲሚንቶ ደላላ፣ የሲሚንቶ ኩፖን የሚሉ ቃላት የለመድነው በነዚያ ዓመታት ነው።

በዚሁ ዘመን ጥቂት ሰዎች በአባይ ተፋሰስ ሸለቆዎች የኖራ ድንጋዩን ሳይሆን ከድንጋዩ በላይ ያለውን ጭቃ ፍለጋ መጡ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጂኦሎጂስት ጌታነህ አሰፋ የአባይ ተፋሰስን ድርብርቦች አጥንተው የጎሐ ጽዮንን ጂፕሰም በ1981፣ የሙገርን የጭቃ ድንጋይ በ1991 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) በወግ አስቀምጠው ነበር። ያንን መሠረት ይዘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌዩ ማርክ ጉድዊን፣ ዊሊያም ክሌመንስና ባልደረቦቻቸው ቅሪተ አካል ፈለጉ። ሥራው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነው፤ ደለሉ በወንፊት ይታጠባል፤ የቀረው በአጉሊ መነጽር ይለቀማል። እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት የዳይኖሰር ጥርሶች፣ አዞ፣ ኤሊ፣ የሂቦዶንት ሻርክና የሳንባ ዓሣ አስታወቁ፤ ዕድሜውንም ከጥንት የዕፅዋት ብናኝ ለዩ። በ2007 ደግሞ ከዚያው አንዲት የጁራሲክ አጥቢ እንስሳ ጥርስ ይፋ ሆነች፤ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን መጠኑ ነው። በወንፊት የታጠበው ደለል ሲሚንቶ ፋብሪካዎቹ በአንድ ቀን ከሚያነሡት ጋር አይወዳደርም፤ ክሬሸር ውስጥ የሚገባውን ድንጋይ ቆሞ የሚያይ ደግሞ የለም። የእንግሊዝ ድንጋይ ፈላጭ በመዶሻ ሲፈልጥ ጥርሱን ያይ ነበር፤ ድማሚትና ክሬሸር ግን ዓይን የላቸውም።

ወደ ፕቲኮደስ ስንመለስ፣ ካንሳስ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ መንጋጋው ተጠናና ባለቤቱ 10 ሜትር ሊደርስ ይችል እንደነበር ተገመተ። ሰባሪዎች ሁሉ ከዚህ ግዙፍ ጋር ሲተያዩ ትናንሾች ሆኑ። ያም ሆኖ ሥዕሉ አልተቀየረም፤ ትልቅ፣ ቀርፋፋ፣ ከወለል የሚለቅም።

እ.ኤ.አ. በ2015 ዳንጎቴ ሙገር ላይ በዓመት 2.5 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት ፋብሪካ ከፈተ፤ በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ምሥራቅ ምዕራብ መስመር ሥራ ጀመረ፤ ሃያ ሁለትም ሁለት ጣቢያ አገኘ። ባቡሩ የሚቆምበት መድረክ፣ ሐዲዱ የተዘረጋበት ምሰሶ፣ ሁሉም አርማታ።

ከዚያ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) ስለ ፕቲኮደስ የሜክሲኮ አገር ተናገረች። በኑዌቮ ሊዮን ግዛት ቫሌሲዮ በምትባል መንደር አቅራቢያ ሰዎች ለወለልና ለግድግዳ የሚሆን ገበታ ድንጋይ ከኖራ ካባ ያወጣሉ። ከ94 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እዚያ የተጋደሙ ፍጥረታት በዚያ ገበታ ላይ ከነገላቸው ታትመው ቀርተዋል። ከነሱ መካከል ሙሉ የፕቲኮደስ አካል ተገኘ፤ ጥርስ ብቻ ሳይሆን የሰውነቱ ቅርጽ፣ ክንፉ፣ ጅራቱ። በፈረንሳዊው ሮማን ቩሎ የተመራው ቡድን በለንደን ሮያል ሶሳይቲ መጽሔት ላይ ያወጣው ውጤት ዉድዋርድንም ሌሎቹንም ከሥፍራቸው አነሣ። ፕቲኮደስ ጠፍጣፋ አልነበረም፤ ከወለልም አይለጠፍም ነበር። ሰውነቱ ለፍጥነት የተሠራ፣ ጅራቱ ኃይለኛ፣ ዘመዱም ዛሬ ትልቁ ነጭ ሻርክ ያለበት ወገን። ያን ሁሉ የመፍጫ ጥርስ ይዞ በክፍት ባሕር የሚያሳድደው አሞናይቶችንና የባሕር ኤሊዎችን ሳይሆን አይቀርም። ርዝመቱ እስከ 9.7 ሜትር ተገመተ። አጋሲ ሻርክ ነው ማለቱ ትክክል ነበር፤ ከጥርስ ኑሮን መገመት ግን ሁሉንም አሳሳተ።

በዚያው የፈረንጆች ዓመት፣ በመስከረም 2017 ዓ.ም.፣ በሰሜን ሸዋ ለሚ ላይ አዲስ ግዙፍ ሲሚንቶ ፋብሪካ ተመረቀ። የጀማ ገባሮች የገለጡት የኖራ ድንጋይ ሌት ተቀን ይቆረጣል፤ ከረጢቱም አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለትም ጭምር ይደርሳል። ያ ድንጋይ የእንጣሎ ድንጋይ ነው፤ ከፕቲኮደስ ቢያንስ በ40 ሚሊዮን ዓመት ይቀድማል፤ በለሚ ካባ እሱን መፈለግ ድካም ብቻ ነው። የሻርኩን ዘመን ባሕር የሚፈልግ ሰው አዲስ አበባን ለቆ ወደ ዋቢ ሸበሌ መውረድ አለበት፤ ሙስታሂል ላይ የኖራ ድንጋዩ ካባ ሳይከፈትለት ሜዳ ላይ ተገልጦ ይገኛል።